ባለ አንድ ጆሮ

ጎቫን ውስጥ፣ ከክላይድ ወንዝ ዳር፣ ዝናብ በማይጠግብ ሰፈር፣
የሱ ወለል ለኔ ጣራ፣ የኔ ጣራ ለሱ ምድር።
ሌሊት አውቶቡስ ነድቼ፣ ጎህ ሲቀድ እገባለሁ፤
ጫማዬን ሳልፈታ ገና ቤዙን ከላይ እሰማለሁ፦
ዱም፣ ዱም-ዱም፤ ቁልፉ እንደጠፋው አንዳች ሰካራም
ደረጃ ይወጣል ይወርዳል፣ ይወጣል ይወርዳል፣ አይደክምም።
ዜማው ግን ወደኔ አይወርድም። ግጥሙም አይወርድም።
ስድስት ዓመት የሰማሁት የዘፈን እግር ነው፤ ፊቱን አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ግን ያንኑ ዘፈን አምስት ጊዜ ደጋገመው፤
በየመሀሉ ወንበር ሲጎተት፣ ጣራዬን ሲፍቀው፣
ትራሴን ጥዬ፣ በካልሲ፣ ወጣሁ ልጣላው።

በሩ ክፍት ነው። ቶርኪል ጀርባውን ለሙዚቃው ሰጥቷል፤
እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።
«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት። አልሰማኝም። ዞርኩ በስተቀኝ፤
ደግሜ ጮህኩ። «አሃ፣ ኢሽቤል ከታች!» ብሎ አየኝ።

ሠላሳ ዓመት መርከብ ሰፍቷል፣ በምስማርና በእሳት፤
የግራ ጆሮውን መዶሻው እንደ ግብር ቆረጠበት።
የሮክ ልጆች ደግሞ በዚያ ዘመን፣ ስቴሪዮ አዲስ ሆኖባቸው፣
ጊታር በግራ፣ ድምፅ በቀኝ፤ እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት ለያዩዋቸው።
«እናማ» አለኝ «አንዱን ጎን ስጨርስ ወንበሬን አዞረዋለሁ፤
ሚስትየዋ ተናግራ ስታበቃ ባልየውን እጠራለሁ።
ሽማግሌ ነኝ፣ ኢሽቤል። ሁለቱን ለየብቻ ሰምቼ
አስታርቃለሁ እዚህ፣ አናቴ መሀል፣ ማታ ተኝቼ።»

መደርደሪያው ጣራ ነክቷል። ቅደም ተከተል ግን የለውም፤
ፊደል አያውቅም፣ ዘመን አያውቅም፣ አገርና ወንዝ አይለይም።
የቆዳ ጃኬት ለባሾቹ፣ ፀጉራቸው ትከሻ የወረደ፣
ሱፍ እየወቀጡ ከሚዘፍኑ የደሴት ሴቶች ጎን ቆመዋል፤ ማን ናቀ? ማን ፈረደ?
የተራራ ባንጆ አለ፤ የሀንጋሪ ሠርግ ቫዮሊን፤
ከሥሩ ጎረቤት የሚያስከስስ፣ ስሙን ያላነበብኩት ቡድን።
«በምንድን ነው የምትደረድራቸው?» «በአየሩ» አለኝ። «ይኸው፣
ይህ ለጭጋግ፤ ያ ልብስ ለሚታጠብበት ቀን፤ ያ ጥግ ያለው
ወንድሜ ላልመጣበት ገና ነው።» ሌላ አልጨመረው።

ከዚያ በጣቱ ጠቆመኝ። «ቁጭ በይ እዚህ፣ በግራዬ።
ዛሬ ወንበር አላዞርም፤ አንቺ ሁኚልኝ ጆሮዬ።»

መርፌዋ ወረደች።
«ጊታር» አልኩ። «አውቃለሁ።» «ኦርጋን።» «እሱንም አውቀዋለሁ።»
«ደግሞ ቀጭን ጸናጽል ነገር፣ ከበስተኋላ፣ እሰማለሁ።»
ዝም።
መርፌዋን መለሳት። ጎንበስ አለ። ጠበቀ። «የት ጋ ነው?»
«አሁን! አሁንም!» «የታባቱ፣ የታለ፣ የማልይዘው?»
«አሁን» እያልኩ፣ «አሁንም» እያልኩ፣ ጉልበቱን በጣቴ መታሁት፤
ሃምሳ ዓመት በኖረበት ቤት ውስጥ የተቆለፈ ክፍል አሳየሁት።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? ቀኙም ከድቶታል፤
ቀጭን ቀጭኑን እየመረጠ፣ ሳይነግረው፣ ጥሎበታል።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተቆጣ። «ማን ጠራው? ማን ግባ አለው?
ያለሱ ነበር የወደድኩት፤ ያለሱ ነው የማውቀው!»

ተነሣና ሌላ ሸክላ አወጣ፣ ጠርዙ የተሸረፈ፤
አንዲት ባልቴት፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ማድቤት፤ ዝናብ መስኮቷን እየገረፈ።
ግራ የለው፣ ቀኝ የለው። ሁሉም ከመሀል ይመጣል፤
አንድ ጆሮ ላለውም፣ ሁለት ላለውም፣ እኩል ይደርሰዋል።
ስለ ሰጠመ ልጅ ነበር መሰለኝ፤ ቋንቋዋን እኔ አልሰማም፤
እሱ ከእናቱ የጠባው ነው፤ ሊተረጉምልኝ ግን አልቃጣም።
«እዚህስ የሚጎድል አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩ። ዋሸሁ።
ከባልቴቷ ጀርባ፣ ቀጭን፣ የማንቆርቆሪያ ፉጨት ሰማሁ።

በማግስቱ ከፈረቃ ስመለስ፣ ጫማዬን ሳልፈታ፣
ወንበሩ ጣራዬን ሲፍቅ ሰማሁ፤ ወደ ጥጉ፣ ወደ በሩ፣ በዝግታ።
ጸናጽሉን ፍለጋ ነው። እኔም ከታች፣ ባልጋዬ፣
«አሁን» አልኩ፣ ቤዙን ቆጥሬ፤ «አሁንም»፣ ለጣራዬ።